ጭቃ መራጊው ደባልቄ እና የጭራቁ ሰንጠረዥ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ ጭራቅ ከሰው ጋር ጎረቤት በነበረበት ዘመን፣ ደባልቄ የሚባል ጭቃ መራጊ ነበር። የሰው ቤት ግድግዳ በጭቃ ይመርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። እጁ ሰፊ፣ ጣቱ ወፍራም ነበር። ይህ ደባልቄ የእኔ ቅድመ አያት ነው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም። ብቻ አንድ ጊዜ የቤቴን በር ቀለም ልቀባ ተነስቼ፣ በሩን ትቼ ድመቷን ቀብቻለሁ። ስለዚህ ዝምድናውን አልክድም።

ደባልቄ ሚስት ነበረችው። ስሟ እታገኝ ይባላል። ልጅ አልነበራቸውም፤ እሱ ያለ እሷ፣ እሷም ያለ እሱ ማንም አልነበራቸውም።

ከመንደሩ በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ጭራቅ ይኖር ነበር። ይህ ጭራቅ ብዙ ሰው በልቶ በልቶ ሆዱን አመመው። መብላቱ ሲሰለቸው ሰንጠረዥ መጫወት አማረው። ሰንጠረዥ ማለት በካሬ በካሬ በተሰመረ ሰሌዳ ላይ ንጉሡን፣ ፈረሱንና ወታደሩን እያንቀሳቀሱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጭራቁ ሰሌዳውን በድንጋይ ላይ አሰመረ። መጫወቻዎቹን ግን መቅረጽ አቃተው። እንጨቱ ሁሉ በጥፍሩ ተሰባበረበት።

አንድ የገበያ ቀን ጭራቁ ከመንገድ ዳር ተቀመጠ። ከገበያ የሚመለሱ አሥራ ስድስት የመንደሩ ሰዎች ሲያልፉ እፍ አለባቸው። ሰዎቹ አነሱ፣ አነሱ፣ አውራ ጣት አከሉ። ገላቸውም ነጭ ሸክላ ሆነ። ጭራቁ በአቁማዳ ከቷቸው ሄደ። ከአሥራ ስድስቱ አንዷ እታገኝ ነበረች።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ገደሉን ወጥተው ጭራቁን ለመኑት። ጭራቁ ውርርድ ይወድ ነበርና እንዲህ አላቸው፦

«መጫወቻዎቼ ሁሉም እንደ ዱቄት ነጭ ናቸው። ማን ማን እንደሆነ አይለይም። አንድ ሠዓሊ መጥቶ ይቀባቸው። በሦስተኛው ቀን እያነሳ በየስማቸው ይጥራቸው። አሥራ ስድስቱንም ካወቀ ይዟቸው ይሂድ። አንድ ከሳተ ግን እሱም መጫወቻዬ ይሆናል። ለባላጋራው ወገን ገና አሥራ ስድስት ይጎድለኛል።»

መጀመሪያ የደብሩ ሠዓሊ አለቃ ዘወልድ ወጡ። ወርቅና ሰማያዊ ቀለም ይዘው ወጡ። አሥራ ስድስቱንም እንደ መላእክት አድርገው ሣሏቸው፤ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጉንጫቸው ቀይ ሆነ። በጣም ያምሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን አለቃ የቱ ማን እንደሆነ ጠፋቸው። አዋላጇን አንስተው በአንጥረኛው ስም ጠሯት። ጭራቁ እፍ አለባቸው፤ እሳቸውም ከነጥምጥማቸው አውራ ጣት አከሉ።

ቀጥላ ጥልፍ ጠላፊዋ ዳሳሽ ወጣች። አለቃ የቀቡትን አጥባ አሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም በጠበጠች። የሁሉንም ቀሚስና ካባ በጥለት አንቆጠቆጠችው። ጥለቱን ያየ ሁሉ ተደነቀ፤ ፊታቸውን የሚያይ ግን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ዳሳሽም ሳተች፤ እሷም አውራ ጣት አከለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ገደሉ የሚወጣ ሠዓሊ ጠፋ። ደባልቄ ሁለት ቀን ከደጁ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ተነሳ። ጎረቤቶቹ ብሩሽ ይዘህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አላውቅም አላቸው። ታዲያ ምን ልትሆን ነው ቢሉት፣ ሌላ ካልሆነልኝ ከሰሌዳው ላይ ከሚስቴ ጋር እቆማለሁ ብሎ ወጣ።

ጭራቁ ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ ሠዓሊ ነህ?» አለው።

«አይደለሁም፣ ጌታዬ። ግድግዳ ነው የምመርገው። እሱም አንዳንዴ ይወድቃል።»

ጭራቁ ከመሳቁ የተነሳ የገደሉ ድንጋይ ተንከባለለ። አሥራ ስድስቱን ሰጥቶት ወደ ዋሻው ገባ።

በመጀመሪያው ቀን ደባልቄ ቀለሙን እንደ ጭቃ አወፈረው። የለመደው እሱን ነዋ። አንዱን እያነሳ ለጠፈበት፣ ለጠፈበት። ሲጨርስ አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ፣ ሁሉም የፍየል በጠጥ መስለው ተደረደሩ።

ከአጠገቡ ካለው ቁልቋል ላይ አንዲት አሮጊት እስስት ነበረች። አንዱን ዓይኗን ወደሱ አዙራ፣ «አያ ደባልቄ፣ ሰዎቹን ቀባሃቸው ወይስ ቀበርካቸው?» አለችው።

ደባልቄ አያቸውና «ቀብሬያቸዋለሁ፣ እማማ» አላት።

እስስቷም እጠባቸው፣ ነገ ቀለሙን በውሃ አቅጥነው አለችው።

በሁለተኛው ቀን ቀለሙን አቀጠነው። ነገር ግን የአለቃንም፣ የዳሳሽንም ቀለም አገኘና ጎመጀ። ቀዩን ቀባ፣ ሳይደርቅ ቢጫውን ደረበ፣ ሳይደርቅ አረንጓዴውን ጨመረ። ስሙ ደባልቄ ነውና ደባለቀው። ሁሉም የቦይ ውሃ መሰሉ። ቢቆጥራቸው ደግሞ አሥራ አምስት ሆኑ። ላብ እያጠመቀው ድንጋዩን ሁሉ አገላበጠ፣ ሣሩን ሁሉ በጣቱ አበጠረ።

እስስቷ ቀስ ብላ «ጢምህን ዳብስ» አለችው።

ቢዳብስ አንጥረኛው ከጢሙ ላይ ተጣብቋል። ደባልቄ ከመሬት ተቀመጠና ማልቀስ ጀመረ። እኔ ለሚስቴ የማልረባ ሰው ነኝ እያለ አለቀሰ።

እስስቷ ከቁልቋሉ ወረደች። «አያ ደባልቄ፣ እኔ ቀለም ስቀያይር ያረጀሁ ነኝ» አለችው። «ስንቱን ለበስኩት። ዛሬ እናቴ ብትመጣ እንኳ አታውቀኝም። አንተ ጀማሪ ነህ፤ አንድ ቀለም ይበቃሃል። አንዱን ያዝ፣ አቅጥነህ ቀባ፣ ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቅ።»

ደባልቄ ምን ቀለም እንደሚሻል ጠየቃት። ያለህን አለችው። ያለው ስንቁን ያበሰለበት ድስት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፋቀ። በብዙ ውሃ በጠበጠው። አሥራ ስድስቱን አጥቦ አንድ ጊዜ ብቻ ቀባቸው። መቀባቱ ቀላል ነበር፤ የከበደው መጠበቁ ነው። እጁ እየተቁነጠነጠ ሊነካቸው ደጋግሞ ተዘረጋ። እስስቷ ይህን አይታ ና ተከተለኝ አለችው። እሷ እንደምትሄደው፣ አንድ እግር አንስቶ ሁለቴ እየተወዛወዘ፣ ከዚያ ሌላውን እግር እያነሳ፣ በአጠገባቸው ያለውን ትልቅ ድንጋይ በዝግታ ዞሩት። ያ ወፍራም ሰው እንደ እስስት ሲሄድ ብታዩት! ዞረው ሲመለሱ ጥላሸቱ ደርቋል። እስስቷም ወደ ቁልቋሏ ተመለሰች።

ደባልቄ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ቀስ እያለ ወለወላቸው። ከጉንጩ፣ ከግንባሩ፣ ከአፍንጫው ላይ ጥላሸቱ ለቀቀ። ከዓይን ሥር፣ ከከንፈር መሐል፣ ከፊት መስመር ውስጥ ግን ቀረ። ያኔ ፊታቸው ወጣ። አንጥረኛው አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። አዋላጇ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት። እታገኝም ወጣች።

ጭራቁ ከዋሻው ሆኖ ይህን አየና ደነገጠ። ደባልቄ ውሃ ሊጠጣ ወደ ምንጩ ሲወርድ ጠብቆ፣ እታገኝን ሰርቆ በጡጫው ጨበጣት። በእሷ ቦታ በአስማቱ የሠራትን አስመሳይ አቆመ። መልኳም፣ ቀሚሷም፣ ጥላሸቷም አንድ ነው።

ደባልቄ ተመልሶ አሥራ ስድስቱን አያቸው። መጨረሻ ላይ የቆመችውን አጎንብሶ ትክ ብሎ አያት። ጭራቁ መጥቶ ጀምር ሲለው አንገቱን ደፋ።

«ጌታዬ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ፤ መሳቴ አይቀርም» አለው። «ነገር ግን አገሩ ሐሜተኛ ነው። ጭራቁ አንድ ጭቃ መራጊ ለማሸነፍ አጭበረበረ እንዳይሉዎት፣ ይማሉልኝ። እኔን ለመሰለ ሰው መማል ምን ይጎዳዎታል?»

ጭራቁ ናቀው። ደረቱን ነፍቶ፣ «አጭበርብሬ እንደሆነ እንደ እነሱ አውራ ጣት አክዬ ልቅር!» ብሎ ማለ።

ደባልቄ ጀመረ። እያነሳ እያነሳ አሥራ አምስቱን በየስማቸው ጠራ። አንድም አልሳተም። አሥራ ስድስተኛዋን አነሳና መልሶ አስቀመጣት።

ጭራቁ ደስ ብሎት «ምነው፣ የገዛ ሚስትህን አታውቃትም?» አለው።

«ሚስቴን አውቃታለሁ» አለ ደባልቄ። «ይቺ ግን የቀባሁትን አይታ ፈገግ ብላለች። እታገኝ በሃያ ዓመት ትዳራችን የሠራሁትን አይታ ፈገግ ብላ አታውቅም።»

ወዲያው መሐላው ጭራቁን ያዘው። ትከሻው ጠበበ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ እንደ ጢንዚዛ እያጉተመተመ አውራ ጣት አከለ። ከጡጫው ውስጥ አንዲት ግንባሯን የቋጠረች ትንሽ ሴት ወደቀች። ደባልቄ በሁለት እጁ ቀለባትና «እታገኝ» አላት።

ያኔ አስማቱ ተፈታና የተወሰዱት ሁሉ ሰው ሆነው ቆሙ፤ ጭራቁ ግን እንዳነሰ ቀረ። አለቃ ዘወልድም፣ ዳሳሽም ሰው ሆኑ። አሥራ ስድስቱ ግን ፊታቸው ላይ ጥላሸት ቀርቶ ነበርና እርስ በርስ እየተያዩ ተሳሳቁ።

እታገኝ ባሏን አየችው፤ ዓይኑ አብጧል፣ ጢሙ አረንጓዴ ሆኗል።

«ጆሮዬን ሳትቀባ ረስተኸዋል» አለችው።

«ጀማሪ ነኝ» አላት።

ከዚያ ያንን የጠቆረ እጁን ያዘችው። ገደሉን ወርደው ቤታቸው እስኪገቡ ድረስ አልለቀቀችውም፤ የእሷም እጅ ጠቆረ።

ልጆች፣ ጀማሪ ሰው በአንድ ቀለም ይጀምር። አቅጥኖ ይቀባ፣ እስኪደርቅ ይጠብቅ። ደግሞም አለመቻሉን በአፉ የሚናገር ሰው፣ አዋቂ ነኝ ከሚል አላዋቂ ይሻላል። ይህን የምመክራችሁ እኔ፣ መጠበቅ አቅቶኝ ቀለሙ ያልደረቀ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ሱሪዬን ዞሬ አላሳያችሁም።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ፤ ዳቦው ካልደረሰ ቆሎ አቀብሉኝ።