ጭራቁ፣ ኩራዙና የተደፋው ብርጭቆ

ቀስ ብላችሁ ግቡ፣ እንዳይሰማችሁ! ጭራቁ እናቲቱንና ልጅቷን ስልቻ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በጠፍር ቋጥሮ፣ ከጎታው ጀርባ የተደበቀውን ቢያድግልኝን በጆሮው እየጎተተ ነው። ይሄ የሆነው ዛሬ ዋርካ የምትሉት ዛፍ ገና ፍሬ ሳለ ነው። ቢያድግልኝ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው፤ ሥራው ከጓዳ ጨው እየሰረቀ «ይሄ ከዚያ ጋር ቢገናኝስ?» እያለ መሞከር። አይ ቢያድግልኝ! ምነው ያን ቀን ባልቸኮለ።

«በአንዲት ጉርሻ ታልቃለህ» አለ ጭራቁ ምራቁን እየዋጠ።

«አያ ጭራቅ፣ እኔን በልተህ አትጠግብም። አይተህ የማታውቀውን ሦስት ነገር ላሳይህና ልቀቀን።»

«ጉርሻ ሆይ፣ ያላየሁትን አሳየኝ! ካየሁት ግን እበላሃለሁ!»

ቢያድግልኝ እንቁላል ውሃ ውስጥ ጨመረ። ጥልቅ! ሰመጠ።

«ይሄንንማ አይቼዋለሁ!» ጭራቁ አፉን ከፈተ።

«ቆይ እንጂ!» ልጁ ጨው በእፍኙ እየዘገነ አማሰለ፣ አሁንም አማሰለ። እንቁላሉ ብድግ ብሎ ተንሳፈፈ።

«ማን ተሸከመው?»

«ጨው ውሃውን አከበደው። ከባድ ውሃ እንቁላል ይሸከማል።»

ጭራቁ እንቁላሉን በጣቱ ወደ ታች ገፋው፤ ተመልሶ ብቅ አለ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ብቅ አለ። በሳቁ ጣሪያው ሳር አራገፈ።

«ልጅ ሆይ፣ ስምህ ማነው?»

«ቢያድግልኝ።»

«ያላየሁትን አሳየኝ! ካየሁት ግን እበላሃለሁ!»

ቢያድግልኝ ገበቴ ውሃ ላይ ድቁስ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰ። ጣቱን በእንዶድ አረፋ ነክሮ መሀሉን ነካ። በርበሬው ሽው ብሎ ወደ ዳር ሸሸ!

«ምነው ሸሸ? እኔን አይቶ ነው?»

«አይደለም አያ ጭራቅ። ውሃ ስስ ቆዳ አለው። እንዶዱ መሀሉን ሲያላላው፣ የዳሩ ቆዳ በርበሬውን ጎትቶ ወሰደው።»

ጭራቁ ቁጢጥ ብሎ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ከብብቱ የበራች ትንሽ ኩራዝ አወጣ።

«አንተ ካሳየኸኝ እኔም ላሳይህ። ይቺ እሳት ነፍሴ ናት። ነፋስ አያጠፋትም፣ ውሃ አያጠፋትም። ለማንም አሳይቼ አላውቅም።»

ቢያድግልኝ ኩራዟን እያየ አሰበ። ጭራቅ ቃሉን ይጠብቃል? ማን ያምናል!

«ቢያድግልኝ፣ ያላየሁትን አሳየኝ» አለ ጭራቁ። እበላሃለሁ የሚለውን ረሳው።

«ኩራዝህን ስጠኝ። አልነፋትም፣ ውሃም አላፈስባትም።»

ጭራቁ ሰጠው። ከዚያ ወደ ስልቻው ሄዶ ጎንበስ አለና አንድ ነገር አንሾካሾከ። ልጁ «ሊበላቸው ነው» ብሎ ደነገጠ፤ አጠገቡ የነበረውን ባዶ ብርጭቆ አንስቶ እሳቷ ላይ ገልብጦ ደፋባት።

ጭራቁ ተንደርድሮ መጣና እንደ ሕፃን ተቀምጦ አፈጠጠ። እሳቷ ተጨነቀች፣ አነሰች፣ አነሰች፣ ጠፋች።

«ለምን?» አለ ጭራቁ በቀጭን ድምፅ።

እሳትም እንደ ሰው አየር ትፈልጋለች። ቢያድግልኝ ይህን ሊነግረው አፉን ሲከፍት፣ የሚሰማው አልነበረም። በቦታው እፍኝ አመድ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ስልቻው ሮጠ። ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ቢሰድ፣ ጠፍሩ ተፈቷል። እናቱና እህቱ ጭረት ሳይነካቸው ወጡ። በሩ ተከፈተ፣ ጎረቤቱ እልል አለ፣ በፍርሃት የሸሹት ከብቶችም ወደ በረታቸው ተመለሱ። ቢያድግልኝ ብቻ አመዱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ ማን ፈታችሁ?»

እናቱ ፀጉሩን ዳሰሰችው።

«እሱ ነዋ፣ ልጄ። ‹ዝም በሉ፣ ድንገት ስትወጡ እኔም ላስደንቀው› አለን።»