ዘጠኝ ውኃ የፈጀው ጋን

አንድ ንጉሥ ታሞ ተነሣ፤ ጉሮሮው ግን እንደ ደከመ ቀረ። ገንፎ ይውጣል፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ትን ይለዋል። በሳምንቱ ከንፈሩ በጥማት ተሰነጣጠቀ።

ሐኪሙ አንድ መላ ያውቅ ነበር። የማር ብርዝ ከእርሾ ጋር በጋን ተከድኖ ሲሰነብት ይዝለገለጋል። ያ ዝልግልግ ውኃ ላይ ሲጨመር ውኃው ይወፍርና ትን ሳይል ይወርዳል።

ጋን ጠባቂዎቹ ሁለት ነበሩ። ጓንጉል ቁም ነገሩ ሙቀት ነው ብሎ ጋኖቹን ምድጃ ዳር አስጠጋ፤ ከቀዝቃዛዎቹ የተሻለ ወፈሩለት። ተድላ ደግሞ ማር ነው ብሎ ማሩን እጥፍ አደረገ፤ ለእሱም ትንሽ ወፈረ። ሆኖም የሁለቱም ተደምሮ በቀን ከአንድ ዋንጫ ውኃ በላይ አያወፍርም። ንጉሡ የሁለቱም ሐሳብ ባንድ ላይ ይደረግ አለ። እጥፍ ማር ገብቶበት ምድጃ ዳር የተቀመጠው ጋን በአራተኛው ቀን ሲከፈት እንደ ውኃ ቀጥኖ፣ ኮምጥጦ ተገኘ።

ጠባቂዎቹ ጥፋቱን እየተወራወሩ ሳለ ጋን አጣቢዋ ደብሪቱ ሳትጠየቅ ገባች። ባለፈው ሰሞን እጥፍ ማር ያልደረሰው፣ ምድጃ ዳርም ቦታ ያጣ አንድ ጋን በሩ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቅ ሰንብቶ እንደነበር ለሐኪሙ ነገረችው።

«አንቺ ደግሞ ጋንሽን እጠቢ» አላት ጓንጉል።

«እሱን ሳጥብ አይደል ያወቅሁት? ያንተ ጋን በሁለት ውኃ ይጠራል፣ የተድላ በሦስት። ያ ግን ዘጠኝ ውኃ ፈጀብኝ፤ ክንዴ ላይ እየተሳበ አልለቅ አለኝ።»

ሐኪሙ በቃሏ ብቻ አላመነም። ልክ እንደዚያኛው አድርጎ ሦስት ጋን አስጠነሰሰ። በአራተኛው ቀን ሦስቱም ሲከፈቱ ዝልግልጉ ከጭልፋው እንደ ክር ተሳበ። ንጉሡ ዋንጫውን ጨለጠ። ትን አላለውም፤ ሁለተኛ አስቀዳ።

«ያን በሩ አጠገብ የነበረውን የመጀመሪያውን ጋን ምን አደረጋችሁት?» ሲል ጠባቂዎቹን ጠየቀ።

«ደፉት፣ ጃንሆይ» አለች ደብሪቱ። «የማንም ስላልነበረ ያየው የለም።»

ቀጥላም ከእንግዲህ ሁሉም ጋን ዘጠኝ ውኃ ሊፈጅባት መሆኑን አስታውሳ አጉረመረመች። ንጉሡ ሳቀና ሁለት አጣቢ ጨመረላት።

ጓንጉልም ተድላም አልዋሹም። ነገር ግን ሙቀትና ማር አንድ ጋን ውስጥ አብረው ይሠራሉ፤ የአንዱ ልክ ሲለወጥ የሌላውም ይለወጣል። ይህን እያንዳንዱ የራሱን ጋን ብቻ እያየ ሊያውቀው አይችልም። ሁሉንም ጋን የነካ እጅ የአጣቢዋ ብቻ ነበር።

እርስዎ በሚሠሩበት ቤት ሁሉንም ጋን የሚያጥበው ማነው? የትኛው እንዳስቸገረውስ ጠይቀውት ያውቃሉ?