በሦስት ሲሊንደር የተወጣ ዳገት

ደሴ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ቀይ ስፖርት መኪና ነበረችው፤ ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ያረጀች። ግን ይወዳታል! ቅዳሜ ቅዳሜ በገዛ እጁ ያጥባታል። ሚስቱ ስንዱ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ነገር ግን መሪዋን አስነክቷት አያውቅም።

ይህ ሰው የቤቱን ቆርቆሮ ሊመታ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ወገቡ ተሰበረ። ሰባት ወር ሆስፒታል ተኛ። ወገኖቼ፣ ሰባት ወር!

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በክራንች ቆሞ ቤቱ ገባ። መጀመሪያ ወዴት የሄደ ይመስላችኋል? ወደ መኪናው። አስነሣት። ሞተሩ ይቆራርጣል፤ መላ አካሏ ይንቀጠቀጣል።

«ስንዱ!» ብሎ ጮኸ። «ምን አድርገሻት ነው? ገደልሻት እኮ!»

ስንዱ ክራንቹን አቀብላ ደግፋ ወደ ቤት አስገባችው።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተ። እሷን መሪው ላይ አስቀመጣትና ሞተሩን አስነሣች። እሱ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን የካንዴላዎቹን ገመድ በየተራ ይነቅላል። አንደኛውን ነቀለ፤ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ይህ ደህና ነው፤ መለሰው። ሁለተኛውን ነቀለ፤ ድምፁ ንቅንቅ አላለም።

«ሞተሩን አጥፊው! አገኘሁት። ሁለተኛው ሲሊንደር ሞቷል።»

ካንዴላውን ፈታው። በቤንዚን ርሷል፣ ጥላሸት ጋግሯል። ከሦስተኛው ካንዴላ ጋር አቀያየረው፤ አሁንም የሞተው ሁለተኛው ነው። ገመዶቹን አቀያየረ፤ ይኼኔ ሦስተኛው ሞተ። ጥፋቱ ከገመዱ ነበር። ጎበጥ ሲያደርገው ስንጥቁ ታየ።

ሰውየው ግን ጥላሸት የጋገረውን ካንዴላ መልሶ ፈትቶ አገላብጦ አየና፣ «ይሄ የአንድ ቀን አይደለም። እንዲህ መሆን የጀመረችው መቼ ነው?» አላት።

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«አራት ወር! ታዲያ ጋራዥ አታስገቢያትም?»

«ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች አሉኝ። የእኔ የምሳ ዕረፍት ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ምሳህን ይዤ፣ አጉርሼህ፣ አገላብጬህ ተመልሼ እንዴት በእግሬ እደርሳለሁ? ሁለት ቀን ማን ያበላሃል?»

«የሆስፒታሉን ዳገት እንዲህ ሆና ነው የወጣሽባት?»

«በአንደኛ ማርሽ፣ እየጸለይኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መጀመሪያ ዳን ብዬ ነዋ።»

ሰውየው ሞተሩን እያየ፣ «አራት ሲሊንደር ነው ያላት» አለ። «አንዱ ሲሞት ሦስቱ የእሱንም ሸክም…» አልጨረሰውም። እንባው ቀደመው።

«ስንዱ፣ ይቅር በይኝ። ሰባት ወር ተሸክመሽኝ አንድ ቀን አመሰግናለሁ አላልኩሽም። ትናንት ደግሞ ጮህኩብሽ።»

ስንዱም አለቀሰች። ከመሪው ወርዳ ትከሻውን ያዘችው። ከሰዓት በኋላ አዲስ ገመድ ገዝታ መጣች፤ ገጠመው። ሞተሩ ተስተካክሎ እንደ ጥንቱ መሥራት ጀመረ። ቁልፉንም ለእሷ ሰጣት።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ማነው? እኔ አይደለሁምን? እናንተስ?

ወድቃችሁ የነበረበትን ጊዜ አስቡ። ሥራ አጥታችሁ ነበር። ታማችሁ ነበር። ሐዘን አልጋ ላይ ጥሏችሁ ነበር። ግን ቤታችሁ አልፈረሰም፤ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ምሳ ቀርቧል። ማን ነበር የእናንተን ድርሻ የተሸከመው? ሚስት ናት? ታላቅ እኅት ናት? በራቸውን ዘግተው ስለ እናንተ የጸለዩ ጎረቤት ናቸው?

እኛ ከተነሣን በኋላ ዓይናችን የሚያየው የተጎዳውን ዕቃ ነው። «ማን ሰበረው?» እንላለን። የተሸከመን ሰው ትከሻ መቁሰሉን ማን ያያል?

እግዚአብሔር በተኛንበት ሰዎችን ልኮልናል። እጁን ያየነው በእነርሱ እጅ ነው። ታዲያ እርሱን በዝማሬ እያመሰገንን፣ የላካቸውን በዝምታ እናልፋለን?

አሁን አንድ ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል፤ አውቃለሁ። ያ ሰው እዚህ አጠገባችሁ ከተቀመጠ፣ እጁን ያዙና «አመሰግናለሁ» በሉት። ሩቅ ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት። ካረፈም ልጆቹን ፈልጋችሁ ንገሯቸው።

ስብከቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ። በሉ፣ ተነጋገሩ፤ እኔ እጠብቃለሁ።