እንጨት የቀበረችው ደብሬ

ድንጋይ ገና ለጋ፣ ሰውም ገና ቃሉን አክባሪ በነበረበት በዚያ በሩቁ ዘመን፣ ጉብላ አፋፍ በሚባል አገር ደብሬ የምትባል ሴት ነበረች። እመቤት አልነበረችም፣ የጌታ ልጅም አልነበረችም። ያገሩ ጀግኖች ሁሉ ስማቸው ጠፍቶ የእርሷ ስም ለምን እንደቀረ ላውጋችሁ። የሚያንጎላጅ ካለ ካሁኑ ተነሥቶ ይተኛ፤ እኔ ለእንቅልፋም አላወራም።

ጉብላ አፋፍ ገደል ጫፍ ላይ የተሰቀለ መንደር ነበር። እርሻው ከታች መስኩ ላይ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ የነበረውን አፈር ጎርፍ እየጠረገ ወደ ቆላ ወስዶት፣ አብዛኛው ጓሮ ስስ ነበር። የአንዳንዱማ ጓሮ ጭራሽ ራቁቱን የቀረ አለት ነው።

ደብሬ ከሩቅ አገር የመጣች ሙሽራ ነበረች። ባሏ ላቀው ደግ ሰው ነበር ይባላል፤ ደግ ስለነበር ቶሎ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። አርባው እንደወጣ የባሏ ወንድም ጓንጉል እርሻውን ወሰደ። ቤቱንም ሊወስድ መጣ።

«እንግዲህ ወዳገርሽ ግቢ» አላት።

«አገሬ ማን አለኝና? እናት አባቴ አልቀዋል። ባሌ የተቀበረው እዚህ ነው፤ እኔም እዚሁ እቀበራለሁ» አለችው።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ያገሩ ሕግ እንዲህ ነበር፤ ልጅ የሌላት መበለት ጭስ የሚወጣው ቤትና የምትበላው ጓሮ ካላት አትነቀልም። ጭስ የማይወጣው ቤት ግን ባለቤት የሌለው ቤት ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ወንድይራድ ፍርድ ሰጡ።

«ሁለት ክረምት ሰጥተንሻል፣ ልጄ። ከቤትሽ ጀርባ ያለው አለት ጎመን ካበቀለ ቤቱ ያንቺ ነው። ካላበቀለ ትሄጃለሽ።»

ጓንጉል ከት ብሎ ሳቀ። አለት ጎመን አብቅሎ አያውቅማ።

ደብሬ ተነሣች። ድንጋይ ለቀመች፣ ካበች። ዝቅ ያለ መደብ ብትሠራ ጎርፉ ይጠርገዋል፤ ስለዚህ እስከ ደረቷ ካበች። ካቡ እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ወንዝ ወረደች፣ አፈር በቅርጫት ተሸከመች፣ ወጣች። ደግሞ ወረደች፣ ደግሞ ወጣች። አፈሩ የካቡን ወለል እንኳ አልሸፈነም። በዚህ አያያዝ ካቡ ሳይሞላ ዕድሜዋ ሊሞላ ነው።

ላቀው በሕይወቱ ሳለ ጎተራ ሊሠራበት የጠረበው የጥድ ግንድ በደጅ ተከምሮ ነበር። ያንን ከሥር ደረደረች። ያላትን አፈር ከላይ አለበሰችው። ጎመን ዘራችበት።

መንደሩ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እንጨት የሚነድ ነው እንጂ የሚቀበር አይደለም፤ የሚቀበር ሰው ነው።

«ባሏን ቀብራ አልበቃት፣ እንጨት ትቀብር ጀመር!» አሉ።

ጓንጉል በካቡ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና «ተዝካሩንም ታወጪለታለሽ?» አላት።

«አወጣለታለሁ። አንተን ግን አልጠራህም» አለችው። ይቺን አፏን እወድላታለሁ።

ክረምቱ ገባ። ጥድ ኩሩ እንጨት ነው፤ ምሰሶ ይሆናል እንጂ ምግብ አይሆንም፣ አይበሰብስማ። ዝናቡ አፈሩን በግንዶቹ መሐል እያሾለከ አወረደው። የጎመኑ ሥር አየር ላይ ቀረ። ቢጫ ሆነ፣ ጠወለገ፣ ሞተ። አንደኛው ክረምት እንዲህ አለፈ።

በጋ መጣ። ደብሬ ጭራሮ ልትለቅም ገደል ሥር ወዳለው ጫካ ወረደች። እዚያ የወደቀ ሾላ አየች። ከወደቀ ስንት ዘመኑ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ፀሐዩ አገሩን ሁሉ አድርቆት ሳለ በሾላው ጀርባ ላይ ሣር ለምልሟል። እጇን ወደ ግንዱ ሰደደች፤ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቆረሰላት። ጨበጠችው፤ ከጣቶቿ መሐል ውኃ ጠብ አለ።

እዚያው ቁጭ አለች። ብዙ ቆየች ይባላል። ምን እንዳሰበች ለማንም አልተናገረችም። ቀጥ ብሎ የቆመውን ስታምን አላበላትም፤ ማንም የረገጠው ወዳቂ ግን ውኃ ይዞ ይጠብቃታል። መበለት የሆነች ሴት እዚህ ላይ ምን እንደምታስብ ለእኔ ነጋሪ አያስፈልገኝም።

ከዚያ ተነሣች። ጥዱን ከካቡ አውጥታ በደጇ ከመረች። ሾላውን እየቆራረጠች በጀርባዋ ገደሉን አወጣችው። ወፍራሙን ከሥር አስተኛች። ቅርንጫፉን በላዩ፣ ገለባውን በላዩ፣ የታረመውን አረምና ቅጠል በላዩ። በየክፍተቱ ቅጠል እየጠቀጠቀች በእግሯ ረገጠችው። በዚያ ላይ ፍግ፣ በፍጉ ላይ አፈር። አፈሩ አሁን ጥቂት ቢሆንም በቃ፤ ጎመን ዳግመኛ ዘራችበት።

እንጨቱንም ፍጉንም ግን ለመደቡ ሰጥታ ለምድጃዋ ምን ቀራት? ምንም። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ደብሬ እሳት ሳታነድ፣ በውኃ የራሰ ሽምብራ እየቆረጠመች ተቀመጠች። ጓንጉልም ጣራዋን እያየ ይውል ነበርና ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ።

«ይኸው እዩ፣ ጭስ የለም። ቤቱ ወና ነው!»

አያ ወንድይራድ «ደብሬ፣ እውነት ነው?» አሉ።

ደብሬ ወደ ጥዱ ክምር ተመለከተች። እስከዚያች ቀን ያላነደደችው ስለማይነድ አልነበረም። የላቀው የመጥረቢያ ምልክት በላዩ ነበር። በብርድ ስትንቀጠቀጥ እንኳ ያንን ማንደድ አልሆነላትም። አሁን ግን አንዱን ግንድ አቀፈች፣ ይዛው ገባች፣ ፈልጣ ለኮሰችው። ጭሱ በጣራው፣ በበሩ፣ በየስንጥቁ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እያሳሉ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ከደጅ ሸሹ።

«በቃሽ! በቃሽ፣ አየነው!» አሉ አያ ወንድይራድ።

ዓይኗ ሲያለቅስ ጭሱ ነው ብለው አለፉ።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ሳይጠበቅ በነሐሴ ቆረጠ። ሰማይ ተዘጋ። የመስኩ እህል ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ስሱ ጓሮ ሁሉ ነጣ፣ ተሰነጠቀ። ለደብሬ መደብ ግን ከሥሩ የሾላው ግንድ የጠጣውን ውኃ ቀስ እያለ ይሰጠው ነበር። ጎመኑ ቅጠሉ እንደ ጋሻ ሰፋ። አለቱ አበቀለ። ቀነ ቀጠሮው ቢደርስም ሽማግሌዎቹ «መጀመሪያ ሆድ፣ ከዚያ ዳኝነት» ብለው ነገሩን ወደፊት ገፉት።

መጀመሪያ ጎረቤቷ ዘርትሁን መጣች። ይቺ ዘርትሁን ከሁሉ ጮክ ብላ ስትስቅ የነበረች ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«እመት ደብሬ፣ ልጆቼ…» አለችና ወደ ጎመኑ አየች።

«ቁረጪ» አለቻት ደብሬ። «ስትመለሺ ግን የበሰበሰ ግንድ ይዘሽልኝ ነይ። ይህ መደብ ሲበሰብስ ይሰጥማል፤ ካልጨመርንበት ለከርሞ አይደርስም።»

ዘርትሁን ቆረጠች፣ ግንድ ይዛ መጣች። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ሌላዋም መጣች። ቅጠል የወሰደ ሁሉ ግንድ አመጣ። ካቡ ረዘመ፣ በቤቱ ዙሪያ ዞረ። የጓንጉል ሚስት እንኳ በጓሮ በኩል ተደብቃ ትመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ከጉብላ አፋፍ በረሃብ የተሰደደ የለም ይባላል።

ዝናብ ተመለሰ፣ እህል ደረሰ፣ ሆድ ጠገበ። ሆድ ሲጠግብ ነገር ይነሣል። ጓንጉል ሽማግሌ ጠራ። መንደሩ በሙሉ በደብሬ ካብ ዙሪያ ቆመ።

«ጎመኑ በቅሏል፣ አልካድኩም» አለ ጓንጉል። «ግን አለቱ አላበቀለም፤ ያበቀለው ተሸክማ ያመጣችው አፈር ነው። አለቱ የአባቴ ነው። የራሷን ትውሰድ፣ የአባቴን ትተውልኝ።»

አያ ወንድይራድ ጢማቸውን ያዙ። ነገሩ ክፉ ነው፤ በሕግ ግን ሐሰት የለበትም።

ደብሬ ወደ ፊት ወጣች።

«እሺ፣ የራሴን እወስዳለሁ። የሰው ንብረት ይዤ ግን አልሄድም። በዚህ ውስጥ የመንደሩ ሁሉ ግንድ አለ። ለየባለቤቱ ይመለስና እኔ የቀረኝን ይዤ ልሂድ።»

«ይህ ነው ችግሩ?» አለ ጓንጉል። ዘሎ ካቡ ላይ ወጣ። እጁን እስከ ክንዱ ሰደደና ዘገነ። የወጣው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ትል የሚርመሰመስበት አፈር ነው። «ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው!» አለች ዘርትሁን።

«የእኔ ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ።

«የእኔ!» «የእኔ!» ሴቱ ሁሉ ጮኸ። ከኋላ ደግሞ የጓንጉል ሚስት «ቀስ ብለህ ዝገን፣ የእኛም አለበት» አለች። ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ ቆላ ድረስ ተሰማ ይባላል።

አያ ወንድይራድ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ፍርዱ ይህ ነው። ጓንጉል ግንዱን ለይቶ ለየባለቤቱ ይመልስ። መልሶ የጨረሰ ዕለት ደብሬ ትሄዳለች።»

ጓንጉል እያገላበጠ ዋለ። ማታ እጁን ታጥቦ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ወዲህ በጉብላ አፋፍ ሙሽራ ከሌላ አገር ስትመጣ፣ ወይም መጻተኛ ጎጆ ሲቀልስ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ የበሰበሰ ግንድ ይወጣና በአዲሱ ካብ ሥር ይገባል። ከዚያ በኋላ ያንን ሰው «ባዕድ» የሚል አፍ የለም። ባልና ሚስትም በክፉ ቀን «ያንተን ውሰድ፣ ያንቺን ውሰጂ» ሲባባሉ፣ ሽማግሌ አይቆጣም፣ አይመክርም። «ግንዳችሁን ለይታችሁ አምጡ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል።

እኔ የተቀበልኩትን አስረክቤያለሁ፤ የጣለው ይጠየቅበት። ፍርዱን ግን የሻረው የለም፣ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ግንዱ ተለይቶ ያለቀ ዕለት ደብሬ ትሄዳለች። ከባሏ ጎን ተቀብራ እስካሁን እየጠበቀች ነው።