አንድ ቃል ብቻ የሚያውቀው መምህር

«አንድ ሰው ነበረ» አልኋት።

የወንድሜ ልጅ ፋንታነሽ በባሕር ማዶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ተቀጥራ ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር። ከመነሣቷ በፊት «ጋሼ፣ እርስዎ ውጭ አገር አስተምረዋል። ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው? ብርዱ ነው፣ ምግቡ ነው ወይስ የልጆቹ ረባሽነት?» ብላ ጠየቀችኝ። የመለስሁላት እንዲህ ብዬ ነው።

አንድ ሰው ነበረ። በአገሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ያስተማረ፣ ጫማው ዘወትር የተወለወለ፣ በተማሪ ፊት ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነበረ። በሩቅ አገር፣ በአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ የሁለተኛ ክፍል መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛውንም አሳምሮ ያውቃል። ልጆቹ ግን ገና ስምንት ዓመት ያልሞላቸው ናቸውና የልባቸውን የሚናገሩት በእናታቸው ቋንቋ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ርእሰ መምህርቷ «የልጆቹ ንግግር ይገባዎታል? ካልገባዎት አንዲት ረዳት አብራዎት ትቀመጣለች» አለችው። ሰውየው በተማሪዎቹ ፊት አስተርጓሚ ያቆመ መምህር አይቶ አያውቅም። «ይገባኛል» አላት። ከቋንቋቸው የያዘው ቃል ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ትርጉሙም «ጎበዝ» ማለት ነው።

ክፍሉን በአገሩ ደንብ አደራጀ። አጫጭሮቹን ከፊት፣ ረዣዥሞቹን ከኋላ አስቀመጠ። ከሁሉ የምትረዝም አንዲት ልጅ ነበረችና የመጨረሻው ዴስክ ደረሳት። ይህች ልጅ በየማለዳው፣ ደወል እንደተደወለ፣ ወደ ጠረጴዛው ትመጣና እጆቿን አጣምራ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትነግረዋለች። ሁልጊዜም ያችኑ። ሰውየው የዚያ አገር ሰላምታ መሰለው። እጁን በራሷ ላይ አኑሮ «ጎበዝ» ይላታል። እርሷም ጥቂት ቆማ ታየውና ወደ ኋላ ትመለሳለች።

«ምን ትለው ኖሯል?» አለች ፋንታነሽ።

«ቆዪ» አልኋት። «እርሱ ያልጠየቀውን አንቺ አትቅደሚው።»

መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ የልጅቱ ደብተር ግማሹ ባዶ ነበር። ሰውየው ከሠላሳ አራት ልጆች ሠላሳ አራተኛ አወጣት። በካርዷም ላይ «ሰነፍ ናት፤ ወደ አንደኛ ክፍል ትመለስ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ታናሽ ወንድሟ የሚማረው በዚያው በአንደኛ ክፍል ነበር።

በማግሥቱ አባቷ ከነሥራ ልብሱ፣ የዓሣ ቅርፊት እጅጌው ላይ እንደ ተጣበቀ፣ ክፍል ድረስ መጣ። ርእሰ መምህርቷ ታስተረጉም ነበር። «ልጄ ችግሯን በየማለዳው ነግሬዋለሁ ትላለች» አለ አባትየው። «ነግራው ከሆነ ለምን እንዲሁ ተዋት?»

ሰውየው ልጅቱ ምን ስትለው እንደ ከረመች አያውቅም። አላውቅም ቢል ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት የተናገረው ሐሰት መሆኑ ሊወጣበት ነው። ቀጥ ብሎ ቆመና «ይህች ልጅ አንዳች ነገር ነግራኝ አታውቅም» አለ።

ቃሉ ሲተረጎም ልጆቹ አጉረመረሙ። አባትየው ወደ ልጁ ዞሮ «ዋሽተሽኛል?» አላት።

ልጅቱ ከመጨረሻው ዴስክ ተነሣች፤ በመተላለፊያው የዴስኮቹን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ጠረጴዛው መጣች። እንደ ወትሮዋ እጆቿን አጣምራ ያችኑ ዐረፍተ ነገር ተናገረች። ሰውየው በዚያች ሰላምታ ስለ ውሸቷ ይቅርታ የጠየቀችው መሰለው። በአባቷ ፊት ይቅር ባይ ሆኖ ሊታይም ወደደ። እጁን በራሷ ላይ አኖረና «ጎበዝ» አላት።

ከልጆቹ አንድም የሣቀ የለም። ርእሰ መምህርቷ ዐይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ተረጎመችለት። «ከኋላ ሆኜ ሰሌዳው አይታየኝም ነው ያለችዎት።»

አባትየው የልጁን ደብተር ራሱ አንሥቶ በፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀመጠላትና ወጣ። ካርዱ ተቀደደ። ረዳትም ተመደበች። በማግሥቱ ደወል ሲደወል ሰውየው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ልጅቱ አልመጣችም፤ ከእንግዲህ የምትለምነው አልነበራትም። ሌላም ልጅ አልመጣም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሆዱን የቆረጠውም፣ እርሳስ የጠፋበትም ሄዶ የሚነግረው ለረዳቷ ነበር።

ይህን ተናግሬ ወደ ፋንታነሽ ዞርሁ። «ብርዱን ካፖርት ይመክትልሻል፤ ምግቡንም ትለምጂዋለሽ። ልጆቹም እንደ እኛው ልጆች ናቸው፤ ይረብሻሉ፣ ይታረማሉ። ከሁሉ የሚከብደው በሕፃን ፊት ቆሞ አልገባኝም ማለት ነው። ያልገባሽን ነገር ፈገግ ብለሽ፣ አመስግነሽ ያለፍሽ ቀን ያ ሰው አንቺ ነሽ። ልጁም ያን ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው ሳይታየው ይከርማል።»

«ሰውየው በኋላ ልጅቱን ይቅርታ ጠየቃት?» አለች ፋንታነሽ።

«በቋንቋዋ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅም ነበር» አልኋት። «ረዳቷ ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። አንድ ሰው ነበረ ብዬ የጀመርሁት አንገቴን ሳልደፋ ልጨርሰው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አንቺ ግን በደረስሽበት ቀን ከቋንቋቸው መጀመሪያ የምትይዥው ቃል ‹ጎበዝ› አይሁን። ‹አልገባኝም፣ ድገሚልኝ› የሚለው ይሁን።»