አያ ጭራቆን ያቀማጠለችው ሰነፍ ልጅ

አታምኑኝም። ማርያምን፣ አንዳችሁም አታምኑኝም! የሚፈራ ካለ የታላቁን ቀሚስ ጫፍ ይያዝ፤ የማይፈራም ይያዝ፣ ኋላ ይፈልገዋል።

ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ ተራሮች ገና ጥርስ የሚያበቅሉ ሕፃናት በነበሩበት፣ ቁንጫ በቅሎ በሚያህልበት ዘመን። ያኔ ከአንድ ገደል ሥር ባለች መንደር ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። የምትኖረው ከእናቷ ከዘርፌና ዳለቻ ከምትባል ላማቸው ጋር ነው። ስንዱን አገር ያወቃት በስንፍናዋ ነው። ስንፍናዋ ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ዓይነት አልነበረም። ሥራ እንዳይኖርባት ብላ ቀኑን ሙሉ ትሠራ ነበር!

ሌላው ልጅ ከማሽላ ላይ ወፍ ሲያባርር ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮሃል፤ ወንጭፍ ሲያሽከረክር ክንዱ ይዝላል። ስንዱ ግን ቅሎች ውስጥ ጠጠር ከተተች፤ ቅሎቹን ገመድ ላይ ደረደረች፤ ገመዱን በማሽላው ዙሪያ ወጠረች፤ ጫፉን ደግሞ ከእግሯ አውራ ጣት ጋር አሰረች። ወፍ ሲመጣ አውራ ጣቷን ነቅነቅ! ኳኳኳኳ! ወፉ ደንግጦ ሌላ አገር ሄዶ ያርፋል። እሷ ማማው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ሸንኮራዋን ትመጥጣለች።

እናቷ "እርጎ ናጪ" ስትላት፣ የእርጎውን ቅል ከዳለቻ ጭራ ጋር ታስረዋለች። ዳለቻ ዝንብ ባባረረች ቁጥር ቅሉ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ። ዝንብ የበዛ ቀን ቅቤው ማስቀመጫ ይጠፋለት ነበር።

እናቷ ትስቃለች። የእናቷ ታላቅ እህት እትዬ ድንቄ ግን አትስቅም። ስንዱ በተንጋለለችበት ሁሉ ትመጣና ወገቧን ይዛ ትቆማለች።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስንፍና ይገድልሻል!"

"ቀስ ብሎ ከሆነ ይግደለኝ፣ እትዬ ድንቄ።"

"ይገድልሻል አልኩ፣ ይገድልሻል!"

ታዲያ አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ድው! ድው! ድው! ከገደሉ አናት አያ ጭራቆ ወረደ። ቁመቱ? ዋርካ ለሱ የጥርስ መፋቂያ ነው። ፀጉሩ? ንሥር እንቁላል ጥሎ ፈልፍሎበታል። ትንፋሹ? እሱ እዚህ ሲያዛጋ፣ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው አፍንጫውን ይይዛል።

በእግሩ ቤታቸውን ረገጠ፤ እንደ ጭብጦ ጠፈጠፈው። በእጁ ዘርፌን ነጠቀ፤ ብብቱ ሥር ወሸቃት። በጥርሱ ዳለቻን ከነቀንዷ ቆረጠማት። ቀርጨም! ቀርጨም! ቀርጨም!

ስንዱ ከማማዋ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። አውራ ጣቷን ነቀነቀች፤ ኳኳኳኳ! ጭራቅ ግን ወፍ አይደለም፣ ዞር ብሎም አላያት።

"ይቺ ሴት አጥንት ብቻ ናት!" ብሎ አገሳ። "ወስጄ ላወፍራት! የሰባች ቀን እበላታለሁ!" እናቷን እንደያዘ ወደ ተራራው ወጣ።

የመንደሩ ወንዶች "ጦር እናምጣ!" ብለው ሮጡ። ጦሩ ሩቅ ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ አልተመለሱም። እትዬ ድንቄ መሬት ላይ እየተንከባለለች እህቷን አለቀሰች። ስንዱ አላለቀሰችም። ከማማው ወርዳ በተጨፈለቀው ቤታቸው ፊት ቆመችና እንዲህ አለች፦

"ቤታችንን የረገጥክ እግር፣ ቆይ! እናቴን የነጠቅክ እጅ፣ ቆይ! ዳለቻን የቆረጠምክ ጥርስ፣ ቆይ! አንድ በአንድ ባልነጥቀው ስንዱ አልባልም!"

"እኔስ ልቆይ ልምጣ?" አለ አንድ ድምፅ ከእግሯ ሥር።

ዝቅ ብላ ብታይ፣ አያ ጭራቆ ሲያልፍ ገመዱ ተበጥሶ ተፈናጥራ የወደቀች አንዲት ቅል ናት።

"እንዴ! ቅል ይናገራል?"

"ሆዴ ውስጥ ጠጠር ከትተሽ ስታበቂ ዝም እንድል ኖሯል?" አለች ቅሊት። ኳ! ኳ! "ገመድሽን ያዢ። መጥረቢያም ያዢ። ሁለት ሰነፎች ከሆንን ሥራው ይቀለናል።"

ስንዱ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጠመጠመች፤ መጥረቢያ አነሣች፤ ቅሊትን መቀነቷ ላይ አሰረች፤ ገደሉን ቧጥጣ ወጣች።

አሁን ጆሮ ስጡኝ። የአያ ጭራቆ ዋሻ ከተራራው አናት ላይ ነው። ከዋሻው አፍ ቁልቁል ሲወርዱ ምንጭ አለ። ከምንጩ ወዲያ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር የነስንዱ መንደር። ከዋሻው ጎን ደግሞ አያ ጭራቆ የዘረፋቸው ከብቶች የታጎሩበት በረት አለ። ዘርፌ ዋሻው ውስጥ ባለ የድንጋይ ጎተራ ተዘግቶባታል፤ ክዳኑን ከአያ ጭራቆ በቀር የሚያነሣው የለም። ከጎተራው ሥር ግን ምግብ የሚገባባት ቀዳዳ አለች።

አያ ጭራቆ ስንዱን ሲያይ ምራቁ እንደ ጎርፍ ወረደ።

"ምሳዬ በእግሩ መጣ!"

"አያ ጭራቆ፣ እኔን ብትበላኝ ጥርስህ መሃል ገብቼ እቀራለሁ" አለች ስንዱ። "ባትበላኝ ኑሮህን አቀልልሃለሁ። ለመሆኑ ምን ያደክምሃል?"

እስከዚያች ቀን ድረስ ለጭራቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበለት የለም። ዘርፈጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ኧረ ስንቱ! ሲጠማኝ ወደ ምንጭ ልውረድ። ጠጥቼ ዳገቱን ልውጣ። ወጥቼ ሳበቃ ደግሞ ይጠማኛል!"

ስንዱ ከክብ ግንድ የሚንከባለል አልጋ ሠራችለት። ራስጌውን በገመድ ከተንጠለጠለ ትልቅ ድንጋይ ጋር አሰረችው፤ እንዳይንሸራተትም ከፊቱ ካስማ ተከለችበት። ካስማው ሲነቀል አልጋው ቁልቁል ይንከባለልና ልክ ምንጩ አፋፍ ላይ ሲደርስ ገመዱ ያቆመዋል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ድንጋዩ ስቦ ይመልሰዋል።

"አያ ጭራቆ፣ ደከመህ?"

"ደከመኝ!"

"ላቅልልህ?"

"አቅልይልኝ!"

"በል እንግዲህ፣ ካስማው ይነቀል፣ አልጋው ይንከባለል፣ አንተ ተኛ!"

ጉርርርር! ወረደ። ጠጣ። ጉርርርር! ወጣ። አያ ጭራቆ እንደ ሕፃን ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እግሩን መሬት አላስነካም። ስንዱ በጥርሷ መሃል፣ "ቤታችንን የረገጥክ እግር፣ ቆይ!" አለች።

እሱ ሲያንኮራፋ ወደ ጎተራው ሄዳ በቀዳዳዋ አንሾካሾከች።

"እማዬ፣ ወፈርሽ እንዴ?"

"ወይ ልጄ! ሙሉ ሽንጥ ነው የሚያበላኝ፤ መቀነቴ እምቢ ብሎኛል!"

ስንዱ ቅሊትን በቀዳዳዋ አሾለከቻት። ቅሊት ኳ! ኳኳ! ኳ! እያለች ስትመታ፣ ዘርፌ እዚያው ጨለማ ውስጥ ትከሻዋን እየሰበቀች እስክስታዋን ታወርደው ጀመር። የበላችውን ሁሉ በላብ አወጣችው።

"ምንድን ነው የሚንኳኳው?" አለ አያ ጭራቆ ነቅቶ።

"አይጥ ናት፣ ተኛ።"

"አይጥ እንዲህ ምት ታውቃለች?"

"የአንተ ቤት አይጥ አይደለች? ተኛ!"

ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ማማረር ጀመረ። "ጀርባዬን ልከክ፣ ዝንቤን ላባርር፣ ሥጋዬን ላንሣ፣ ልጉረስ! እጅ ደግሞ ሁለት ብቻ!"

ስንዱ ምንጩ ላይ ውሃ የሚያዞረው መንኮራኩር ሠራች። ከሱ ጋር ረጅም የእንጨት እጅ በገመድ አያያዘች። እጁ ያክካል፣ እጁ ዝንብ ያባርራል፣ ካስፈለገም ጠቅልሎ ያጎርሳል።

"አያ ጭራቆ፣ ደከመህ?"

"ደከመኝ!"

"ላቅልልህ?"

"አቅልይልኝ!"

"በል እንግዲህ፣ መንኮራኩሩ ይዙር፣ እንጨቱ ያጉርስ፣ አንተ ተኛ!"

የእንጨቱ እጅ የመጀመሪያዋን ጉርሻ አፉ ውስጥ ሲከት የአያ ጭራቆ ዓይን እንባ አቀረረ።

"እናቴ እንኳ ሳታጎርሰኝ ነው የሞተችው" አለ።

"እግዜር ያጽናህ። ምን አገኛት?"

"እኔ።"

ከዚያ ወዲያ እጁን አላነሣም። ስንዱ በጥርሷ መሃል፣ "እናቴን የነጠቅክ እጅ፣ ቆይ!" አለች።

ብዙ ሳይቆይ ደግሞ፣ "ማኘክ ሰለቸኝ!" አለ። "አንዲት ላም ለማኘክ እንዲህ መንጋጋዬ ይውለቅ?"

ላም ሲል የስንዱ ደም ፈላ። ከንፈሯን ነክሳ ሄደችና ቤት የሚያህል ሙቀጫ ፈለፈለች። መንኮራኩሩ ዘነዘናውን ያነሣል፣ ይጥላል፤ ሥጋውን ከነአጥንቱ እንደ ገንፎ ያልመዋል።

"አያ ጭራቆ፣ ደከመህ?"

"ደከመኝ!"

"ላቅልልህ?"

"አቅልይልኝ!"

"በል እንግዲህ፣ ሙቀጫው ያኝክ፣ እንጨቱ ያጉርስ፣ አንተ ተኛ!"

ድም! ድም! ድም! አያ ጭራቆ መዋጥ ብቻ ሆነ ሥራው። እግሩ ሟሸሸ። ክንዱ እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ጥርሱ አንድ አንድ እያለ ይረግፍ ጀመር።

"ጥርሴ ወደቀ እኮ!"

"ጥርስ ለማኘክ ነበር፤ ማኘክ ከቀረ ምን ይሠራልሃል?"

"እውነትሽን ነው" አለና አዛጋ። ስንዱ ጥርሱን አንሥታ ወደ ጥግ ወረወረች። "ዳለቻን የቆረጠምክ ጥርስ፣ ቆይ!"

ልጆች፣ አሁን ተጠጉ። ስንዱ ብልጥ ናት፤ ግን አንድ ነገር አላሰበችም። አንድ ቀን አያ ጭራቆ ሙቀጫውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ። ድዱ ብቻ ታየ።

"አንቺ ልጅ፣ ያቺን ሴት እስክትወፍር የምጠብቀው አጥንቷ እንዳያስቸግረኝ ነበር። ሙቀጫሽ አጥንት ያልማል። ታዲያ ምን ያስጠብቀኛል? አሁኑኑ ሙቀጫ ውስጥ ክተቻት!"

ስንዱ በድን ሆነች። ጎተራው ውስጥ የቅሊት ምት ቀጥ አለ። የገዛ እጇ የሠራው ዘነዘና ከፊቷ ድም! ድም! ድም! ይላል። የአያ ጭራቆ ጉልበት እውነት አልቆ እንደሆነ ደግሞ ገና አላወቀችም።

"ክ… ክዳኑን ከአንተ በቀር ማን ያነሣዋል፣ አያ ጭራቆ?" አለች። "ተነሥና አንሣው።"

"እሺ፣ ልነሣ!" አለ። አልተነሣም። "እግሬ፣ ተነሥ!" እግሩ ዝም። "እግሬ፣ ተነሥ እንጂ!" እግሩ እንደ ፈላ ጎመን ተዝለፍልፎ ቀረ።

ስንዱ አንድ እርምጃ ተጠጋች። "የታለ እግርህ፣ አያ ጭራቆ? ቤታችንን የረገጠው?"

"ምን አልሽ? ይዤ ነው የማንቅሽ! እጄ፣ ያዛት!" እጁ ዝም።

ስንዱ ሌላ እርምጃ ተጠጋች። "የታለ እጅህ፣ አያ ጭራቆ? እናቴን የነጠቀው?"

"እ… እነክስሻለሁ!"

ስንዱ አልጋው ጫፍ ደረሰች። አፉ ፊት ጣቷን ዘረጋችለት። እሱም ነከሳት፤ ምጥጥጥ! እንደሚጠባ ጥጃ።

"የታለ ጥርስህ፣ አያ ጭራቆ? ዳለቻን የቆረጠመው?"

"አንቺ… አንቺ ማነሽ?"

"የዘርፌ ልጅ ነኝ። ሰነፏ!"

ከዚያ ምንም ሳትቸኩል፣ እያየ፣ የአልጋውን ገመድ ከድንጋዩ ላይ ፈታች። ምንም ሳትቸኩል፣ እያየ፣ ገመዱን ከጎተራው ክዳን ጋር አሰረች። መጥታም ካስማው አጠገብ ቆመች።

"አያ ጭራቆ፣ ደከመህ?"

"ደከመኝ!" አለ፤ ለምዶበት።

"ላቅልልህ?"

"ኧረ… ኧረ አታቅልይልኝ! ከባድ ይሁንብኝ! እሠራለሁ! በእግሬ እሄዳለሁ!"

"ካስማው ይነቀል፣ አልጋው ይንከባለል፣ አንተ ተኛ!"

ጉርርርርርር! አልጋው ወረደ። ገመዱ ተወጠረና የጎተራውን ክዳን መንጭቆ እንደ ቆብ አወለቀው! ዘርፌ ቅሊትን ታቅፋ ዘላ ወጣች። አልጋው ምንጩን አለፈ፤ ገደሉን አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው መሬት አልነበረም።

ዱብ!

መንደርተኛው እየጮኸ ከየቤቱ ወጣ። አያ ጭራቆ በጀርባው ተዘርሮ፣ የሚያጎርሰው ያገኘ ይመስል አፉን ከፈተ። ማንም አላጎረሰውም። አፉን እንደከፈተ ሞተ።

ዘርፌና ስንዱ የአያ ጭራቆን በረት ከፍተው የዘረፋቸውን ከብቶች እየነዱ ወረዱ። ለየባለቤቱ መለሱለት። ባለቤቷን ጭራቅ የበላባት አንዲት ዳለቻ ጊደር ግን ስንዱን እየተከተለች አልመለስ አለች። በማግስቱ ጭራዋ ላይ ቅል ታስሮ ታየ።

ቤታቸውም በደቦ ተሠራ። የአልጋው ግንድ ምሰሶ ሆነ፤ ከጥርሶቹ ትልቁ የደጃፍ መረገጫ። ቅሊት በሩ ላይ ተሰቀለች፤ እንግዳ ሲገባ ኳ! ትላለች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለቤት ምረቃ ተሰበሰበ። ጦር ሊያመጡ የሄዱትም ወንዶች የድግስ ሽታ ሲደርሳቸው መንገዱ ተገለጠላቸው።

ሲበላ ሲጠጣ ክርክር ተነሣ። ያን የሚያህል ጭራቅ ምን ገደለው?

"ገደሉ ነው" አለ አንዱ።

"አይደለም፣ ገመዱ ነው" አለ ሌላው።

"እኛ ጦር ልናመጣ መሄዳችንን ሰምቶ ደንግጦ ነው" አለ ከጦር ፈላጊዎቹ አንዱ።

ስንዱ አዲሱ ደጃፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ የጊደሯን ጭራ በአውራ ጣቷ እያወዛወዘች ትሰማቸዋለች። ይህን ጊዜ እትዬ ድንቄ፣ አፏ ጉርሻ እንደሞላ፣ ጭኗን በጥፊ መታ አድርጋ ተነሣች፦

"ስንፍና ነዋ የገደለው! ይኸው ስንት ዘመን ይገድላል፣ ይገድላል እያልኩ ስጮህ! ማንን እንደሆነ ነው እንጂ ያልተገለጠልኝ!"