ጣሉኝ ያለችው ተማሪ

አንድ መምህር ነበር። ስሙ ደምሰው ይባላል። በአንዲት ደጋ ከተማ ባለ የጤና ኮሌጅ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደም ምርመራ ሲያስተምር ኖሯል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከሰው ጣት የተወሰደች ጠብታ ደም መስታወት ላይ ትደረጋለች፣ ከመመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ትቀላቀላለች፣ ከዚያ ደሙ ይጓጉላል ወይስ አይጓጉልም ተብሎ ይታያል። ያየው ሰው በትክክል ካነበበ በሽተኛው የሚስማማውን ደም አግኝቶ ይድናል። ከሳተ ግን ያድነዋል የተባለው ደም ራሱ ይገድለዋል። ደምሰው ለአዲስ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ይህንኑ ይነግራቸውና፣ «እዚህ ትምህርት ላይ ‹መሰለኝ› የሚባል መልስ የለም» ይላቸው ነበር።

ኮሌጁ ድሮ የሚተዳደረው በወረቀት ነበር። የተማሪ ውጤት አይጥ ይበላዋል፣ መዝገብ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው ተምሯል ተብሎ ስሙ ገብቶ ይገኛል። ስለዚህ በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ የመረጃ ሥርዓት ይዘርጋ ሲባል ከሁሉ በላይ የደገፈው ደምሰው ነው። ሥርዓቱ ተዘረጋ። እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ስንት መምህር፣ ስንት መሣሪያ፣ ስንት ያለፈና ስንት የወደቀ ተማሪ እንዳለው ይሞላል። ሥርዓቱም ደምሮ ቀንሶ የክፍሉን ጥራት በቀለም ያሳያል። ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካጠራጠረ ቢጫ፣ ከከፋ ቀይ።

በመጀመሪያው ዓመት ሥርዓቱ እውነቱን ተናገረ። የደምሰው ክፍል ቀይ ሆነ። ከአርባ ማይክሮስኮፕ የሚሠራው አሥራ አንዱ ብቻ ነው፤ የመመርመሪያው ፈሳሽም ካለቀ ሰባት ወር ሆኖታል። ደምሰው ቀዩን ሲያይ ደስ አለው። በሽታው ከታወቀ መድኃኒቱ አይጠፋም ብሎ አሰበ።

ስብሰባ ተጠራ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተነጋገሩ። የተነጋገሩት ግን ስለ ማይክሮስኮፑ አልነበረም፤ ስለ ቀዩ ነበር። በመጨረሻም ቅጹ ላይ «የሚሠራ መሣሪያ» የሚለው «ያለ መሣሪያ» ተብሎ እንዲስተካከል ተወሰነ። መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጡት ስብርባሪዎች ሁሉ ተቆጠሩ። ታዞ ያልመጣውም ፈሳሽ መምጣቱ አይቀርም ተብሎ እንዳለ ተመዘገበ፤ መቶ ሃያ ጠርሙስ። ክፍሉ አረንጓዴ ሆነ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ደምሰውም አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከበደው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ተማሪዎቹ የደም ምርመራን በሥዕል መማር ጀመሩ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች የመጨረሻውን የተግባር ፈተና ሊፈተኑ ቀረቡ። ደምሰው አንድ ክሊኒክ ከሚሠራ የድሮ ተማሪው ዘንድ ጥቂት ፈሳሽ ለምኖ አምጥቶ፣ አብቃቅቶ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ናሙና ሰጣቸው። ሃያ አንዱ ወደቁ። የትምህርት ክፍሉ ግን ተማሪዎቹን መቶ በመቶ አሳልፋለሁ ብሎ በዕቅዱ ላይ ፈርሟል። ስለዚህ ደምሰው እንደ ባልደረቦቹ ሁሉ ነጥብ መጨመር ለምዷል። ቢሮው ተቀምጦ ለአንዱ አሥር፣ ለሌላው አሥራ አምስት ሲጨምር በሩ ተንኳኳ።

የገባችው እማዋይሽ ናት፤ ከሩቅ ገጠር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ተማሪ።

«ነጥብ ልትለምኚ ከሆነ አትድከሚ፤ ሁላችሁም ታልፋላችሁ» አላት ቀና ሳይል።

«ለእሱ አይደለም የመጣሁት፣ መምህር። እንዲጥሉኝ ነው።»

ደምሰው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምን አልሽ?»

«ይጣሉኝ። ከስድስቱ አራቱን ስቻለሁ፤ ሁለቱንም ያገኘሁት በግምት ነው። እንዲህ ሆኜ ብመረቅ ሆስፒታል ይመድቡኛል። ያን ጊዜ ማን ያርመኛል?»

«ሥራ ላይ ትለምጂዋለሽ እኮ።»

«በማን ላይ ነው የምለምደው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «እህቴ ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ደሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ። መርማሪው አይቶ ‹ይስማማታል› ሲል እጁ አልተንቀጠቀጠም። እህቴ ዛሬ አለች። ወደዚህ ትምህርት የገባሁት ያንን ሰውዬ አይቼ ነው። እኔ ግን እጄም ልቤም ይንቀጠቀጣል። አንድ ዓመት ይጨመርብኝና በደንብ ልማር። ቤተሰቦቼን ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል።»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲያሳልፈው ያልለመነው የለም። ያለቀሰ አለ፣ የዛተ አለ፣ ዘመድ የላከ አለ። «ጣሉኝ» ብሎ የመጣ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ደምሰው አፈረ። ካፈረ በኋላ ደግሞ ትንሽ ተስፋ ተሰማው። የእሷን ውጤት ምንም ሳይጨምር እንዳለ አስገባ። የክፍሉ ቀለም ወዲያው ቢጫ ሆነ።

ልጅቷ ዓመቱን ስትደግም በምን እንደሚያስተምራት ሲያስብ፣ ፈሳሹን ከከተማው ሆስፒታል በትውስት ለመጠየቅ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። «እኛም በሥርዓቱ በምናየው መዝገባችሁ ላይ መቶ ሃያ ጠርሙስ እንዳላችሁ ስለሚታይ ጥያቄያችሁን ለመቀበል እንቸገራለን» ይላል። ደምሰው ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው። ያን ቀን ያጨበጨበበት እጅ ይህን ወረቀት መያዙ እንደ እሳት አቃጠለው።

በዚያው ሳምንት የጥራት ማረጋገጫ ዳይሬክተሩ ዶክተር ልዑልሰገድ አስጠራው። ሁለቱ አብረው የተማሩ፣ የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው።

«ደምሰው፣ ከውጭ ገምጋሚዎች ሊመጡ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል። የአንተ ክፍል ብቻ ቢጫ ሆኗል። በአንዲት ልጅ ምክንያት።»

«ልጅቷ ራሷ ናት ጣሉኝ ያለችው።»

«እሱን ሰምቻለሁ። ግን አንዷ ከወደቀች ለምን ወደቀች ብለው ይጠይቃሉ። ለምን ካሉ፣ ስላልተለማመደች ነው ልትል ነው። ለምን አልተለማመደችም ካሉ፣ ፈሳሽ የለም ልትል ነው። ፈሳሽ የለም ካልክ፣ መቶ ሃያ ጠርሙስ አለ ብሎ የፈረመው ማን ነው ይባላል።» ዶክተሩ ዓይኑን አሻሸ። «የፈረምነው አንተም እኔም ነን። አንድ ክር ከተመዘዘ ልብሱ በሙሉ ይተረተራል። ኮሌጁ ይዘጋል፤ ስምንት መቶ ተማሪ ይበተናል። ለአንዷ እውነት ስንል?»

የዶክተሩ ቃል ክፋት አልነበረበትም፤ ደምሰውን የከበደውም ለዚህ ነው።

እማዋይሽ ይህን ስትሰማ ራሷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች። ደምሰውም አብሯት ገባ። ልጅቷ ቆማ፣ እጆቿን አጣምራ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«እርስዎ ታመው ደም ቢያስፈልግዎ፣ እኔ እንድመረምርልዎ ይፈቅዳሉ?»

ዶክተር ልዑልሰገድ አስቦ አልመለሰም፤ ከአፉ አመለጠው።

«ልጄ፣ እኔ ስታመም የምታከመው እዚህ አይደለም።»

ዶክተሩ ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ልጅቷ አንገቷን ሰብራ እጅ ነሳችና ወጣች። ደምሰው ተከትሏት ሊወጣ ሲል ዶክተሩ ወረቀቶቹን እያገላበጠ፣ «እስከ ነገ ስድስት ሰዓት መዝገቡ መዘጋት አለበት። አንተ ካልዘጋኸው ሌላ ሰው ይዘጋዋል፤ አንተም ከማስተማር ትነሳለህ» አለው።

በማግስቱ ደምሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እምቢ ብል ቦታዬን የሚይዘው ምንም የማይከብደው ሰው ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ባለቤቱን አሰበ፤ ልጆቹን አሰበ፤ ስምንት መቶውን ተማሪ አሰበ። ሰው ለመሸነፍ ሲዘጋጅ ምክንያት አያጣም። ከስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ የእማዋይሽን ኤፍ ሰርዞ ሲ አደረገው። ስክሪኑ ላይ «መዝገብዎ ተሟልቷል፤ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ክፍሉ አረንጓዴ ሆነ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። ቀለሙን አዩ፣ ምሳ በሉ፣ ለኮሌጁ የጥራት ምስክር ወረቀት ሰጥተው ሄዱ። ተማሪዎቹም ተመረቁ። እማዋይሽ በምረቃው ቀን አልተገኘችም፤ ዲግሪዋንም አልወሰደችም። ሠላሳ ሰባቱ ጓደኞቿ በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው ሲመደቡ እሷ የአጎቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገብታ አቡጀዲ መለካት ጀመረች። የኮሌጁ ሥርዓት ይህንንም መዘገበ፤ «ተመራቂዋ ሥራ ይዛለች» ተብሎ ለኮሌጁ ነጥብ ተያዘለት።

በተከታዩ ክረምት ከአንድ ወረዳ ሆስፒታል ደብዳቤ መጣ። አንዲት የሦስት ልጆች እናት የማይስማማት ደም ተሰጥቷት ሞታለች። የመረመረችው ባለፈው ዓመት ከኮሌጁ የተመረቀች ልጅ ናት። ሆስፒታሉ፣ ይህች ባለሙያ በእርግጥ ተምራለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደምሰው ስሟን ሲያይ አወቃት። ከስድስቱ አምስቱን ስታ አሥራ አምስት ነጥብ የጨመረላት ተማሪ ነበረች። የጥራት ቢሮው መዝገቡን ተመልክቶ፣ «በጥሩ ውጤት አጠናቃለች» ብሎ በሁለት ቀን ውስጥ መለሰ። ቅሬታ በሁለት ቀን መመለስ ራሱን የቻለ ነጥብ አለው፤ እሱም አረንጓዴ ሆነ።

ደምሰው ለሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ እምቢ አሉት። ከዚያ ተነስቶ እማዋይሽ ወዳለችበት ሱቅ ሄደ። ቆማ ጨርቅ ስታጥፍ አገኛት። የሆነውን ሁሉ፣ የሞተችውንም የመረመረችውንም፣ ሳይደብቅ ነገራት። እማዋይሽ የመርማሪዋን ስም ስትሰማ ያጠፈችውን ጨርቅ ለቀቀችው።

«አንድ ክፍል ነበር የምናድረው» አለች። «ክፉ ልጅ አይደለችም፣ መምህር። እኔ አለማወቄን አውቄዋለሁ፤ እሷ ግን አለማወቋን ማን ነገራት? የሰጧት ወረቀት ታውቂያለሽ ነው የሚላት።»

ደምሰው እንባውን መቆጣጠር አቃተው። «ተመለሺ» አላት። «ደመወዜ ይሂድ እንጂ ፈሳሹን ከዋናው ከተማ ገዝቼ አመጣለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አስተምርሻለሁ።»

«እኔ ያልሞከርኩ መስሎዎት ነው?» አለችው። «በመስከረም ሬጅስትራር ሄጄ ነበር። ክፍያውንም ይዤ፣ እንደ አዲስ ልመዝገብ ብዬ። ስሜን ሲያስገቡት ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ‹ይህን ትምህርት ጨርሰሻል፤ ተመርቀሻል፤ ድጋሚ መማር አይቻልም› አሉኝ።»

«እኔ በግሌ...»

«በግል ቢያስተምሩኝም ወረቀቴ ያው የሐሰት ወረቀት ነው። የት ክፍል ተቀምጬ፣ በምን ፈተና አልፌ፣ ያኔ አላውቅም ነበር አሁን አውቃለሁ ልበል? አለማወቄን የሚመሰክር አንድም መዝገብ የለም።» ጨርቁን ከወለሉ አንስታ አራገፈችው። «ይሂዱ፣ መምህር። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ደምሰው ወጣ። ሰኞ ሲመጣ ለአዲሶቹ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ትምህርት ማስተማር ነበረበት። ቆሞ አያቸው፤ አርባ ሁለት ናቸው። «እዚህ ትምህርት ላይ» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተው። ተማሪዎቹ የሚጽፉት ነገር ጠፍቷቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሱም ዞሮ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ ሰቀለ።

ወዳጄ፣ የሐሰት መዝገብ ጉድለትን ይሸፍናል ብለን እናስባለን። የሚያደርገው ግን ከዚያ የከፋ ነው፤ ጉድለቱ የሚሞላበትን በር ይዘጋል። ሳይኖረው አለኝ ያለን ማንም አይሰጠውም። ሳይማር ተምሯል የተባለን ማንም አያስተምረውም። ሳይድን ድኗል የተባለን በሽተኛ ማንም ሐኪም አያየውም። «አላውቅም» የሚል ሰው የሚቆምበት ቦታ ያጣ ቤት፣ ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ ቢቀባም፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች ግን በግምት ነው የሚኖሩት፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ቤቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።

ይህን አንብበው ለሌላ ከማካፈልዎ በፊት ጥቂት ያስቡ። እርስዎ በሚሠሩበት ቤት አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ሥራ አልቻልኩትም፤ አስተምሩኝ» ቢል፣ መዝገባችሁ ላይ ስሙ የሚጻፍበት መስመር አለ? ከሌለስ፣ ያ ሰው የት ይሂድ?